የመድፍ ራዳር ተምሬ ሥራ አገኛለሁ?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነሽ። የጠላት መድፍ ከየት እንደተኮሰ ስለሚያገኙት፣ በመኪና ስለሚጓዙት ራዳሮች አንብበሽ ልብሽ እዚያው ቀረ። አባትሽ ግን «የአንድ መሣሪያ ትምህርት ነው፣ ሠራዊት ካልቀጠረሽ ቁጭ ትያለሽ፣ ይልቅ ፕሮግራሚንግ ተማሪ» አሉሽ። የሒሳብና የማስተርሱ ነገርም ያሳስብሻል።

አባትሽ ላንቺ ብለው ነው። እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል።

እስቲ መሣሪያው የሚሠራውን እንየው። ራዳሩ ጨረሩን ከአድማስ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንደ አጥር ይዘረጋል። የመድፉ ጥይት ወደ ላይ ሲወጣ አጥሩን ያቋርጣል፣ ራዳሩም ለጥቂት ሰከንድ ይከተለዋል፣ ከዚያ ካያት ቁራጭ መንገድ ተነስቶ ወደ ኋላ እያሰላ የተተኮሰበትን ቦታ ያወጣል። የመሬቱን ከፍታ ካላወቀ ስለሚስት ዲጂታል ካርታም ይፈልጋል። የአሜሪካው ፋየርፋይንደር፣ የስዊድንና የኖርዌዩ አርተር፣ የሩሲያው ዙፓርክ፣ የህንዱ ስዋቲ፣ መሠረታቸው ይሄው ነው።

ታዲያ ከዚህ ውስጥ ለመድፍ ብቻ የሚሆነው የቱ ነው? ደካማ ምልክትን ከኖይዝ፣ ማለትም ምልክቱን ከሚያደበዝዘው ረብሻ፣ መለየት የአየር ሁኔታ ራዳርም የዕለት ሥራ ነው። የሚንቀሳቀስን ነገር ተከትሎ መንገዱን መገመት አውሮፕላን ለሚቆጣጠሩትም ያው ነው። አንቴናው ሳይዞር ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ ማዞር ዛሬ 5ጂ ውስጥ ገብቷል። በ77 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የመኪና ራዳርም የዚሁ ዘመድ ነው። ደግሞ ይሄ ሁሉ ስሌት የሚሠራው በፕሮግራም ነው፤ አባትሽ የፈለጉትን እዚሁ ትማሪያለሽ።

እኔ የጀመርኩት የኤርፖርት ራዳር በመጠገን ነው። በኋላ ቴሌኮም ለመግባት ስፈተን ስለ ራዳሩ የጠየቀኝ የለም። የጠየቁኝ ኖይዝ ከየት እንደሚመጣ እንዴት እንደምፈልግ ነበር፣ እሱን ደግሞ ለዓመታት ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በወታደራዊ ፋብሪካ የሠራሽውን ለሌላ ቀጣሪ ማሳየት ላትችዪ ትችያለሽ። ስለዚህ የሚታይ ሥራ ከአሁኑ ይኑርሽ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን በኳስ ሥሪው። የተወረወረ ኳስ መሃል መንገዱን ብቻ በካሜራ ያዢ፣ አየሩ ኳሱን የሚያዘገየውንም በስሌቱ አስገቢ፣ በካልማን ፊልተር (ስህተት ካለባቸው ልኬቶች ትክክለኛውን መንገድ በሚገምተው ስሌት) ከየት እንደተወረወረ አውጪ። ስንት ሴንቲሜትር እንደሳትሽም በግልጽ ጻፊ፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሒሳቡን አትፍሪ፣ ፕሮባቢሊቲና ሊኒያር አልጀብራ ላይ በርቺ። ማስተርሱ ይቆይ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት እጅሽ ዕቃ ይንካ፣ ምን መማር እንዳለብሽ ያኔ ይገባሻል።

አባትሽን በክርክር አታሳምኛቸውም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጥሪያቸው። ኳሱን እሳቸው ይወርውሩት፣ የቆሙበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ይንገራቸው።