ታላሃቺ ካውንቲ ውስጥ የት ልቁም?

ከሜምፊስ ወደ ጃክሰን ስትነዳ ሚሲሲፒ ታላሃቺ ካውንቲ ውስጥ መቆም ይገባል ወይ ላልከው፣ ወንድሜ፣ በደንብ ይገባል እንጂ! ከዋናው መንገድ ትንሽ ያስወጣሃል፣ ግን ግድ የለም።

መጀመሪያ ሰምነር ከተማ ግባ። በ1955 እ.ኤ.አ. የ14 ዓመቱን ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲልን ገድላችኋል ተብለው የተከሰሱትን ሁለት ነጮች፣ አንድም ጥቁር ያልነበረበት ጁሪ (ፍርድ የሚሰጡ ተራ ዜጎች ቡድን) አንድ ሰዓት ያህል ብቻ መክሮ ነፃ የለቀቃቸው እዚያው ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ሰዎቹ በኋላ መግደላቸውን ለመጽሔት አምነዋል፣ ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል። ካውንቲው በ2007 ለቤተሰቡ በይፋ አዝኗል። ግቢው ውስጥ የኮንፌዴሬሽን (በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት የቆመው የደቡቡ ወገን) ወታደሮች ሐውልትም ቆሟል፤ እሱንም ሳታይ አትሂድ።

ከዚያ ግራቦል ላንዲንግ፣ ታላሃቺ ወንዝ ዳር። የኤሜት አስከሬን የወጣበት ነው ተብሎ የሚታመነው ቦታ ነው። በ2008 የተተከለውን የመታሰቢያ ሰሌዳ ሰረቁት። ምትኩን በጥይት በሳሱት። ሦስተኛውንም እንዲሁ። የ2019ኙ ጥይት እንዳይበሳው ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ክብደቱ 500 ፓውንድ ገደማ። እጅህን አስደግፈህ አንብበው። ሁለቱም ቦታዎች ከ2023 ጀምሮ የኤሜት ቲልና የእናቱ ብሔራዊ መታሰቢያ አካል ናቸው።

ወንዙ ጋ የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት አይደለም፣ ዝናብ ከጣለ ተጠንቀቅ። ጊዜ ካጠረህ ሰምነርን ብቻ እይ።