ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ብሬከሩ ይጥላል፣ ቱቦላሬው ይበሳል

ከደብረ ብርሃን አንድ ወጣት አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «በእጅ የምትንጠለጠል ትንሽ የኢንቨርተር ብየዳ ማሽን ገዛሁ። ላይዋ 250 ይላል። የግቢያችንን በር ለመጠገንና የመስኮት ፍርግርግ ለመሥራት ነው። 2.5 ኤሌክትሮድ ስጭር ይጣበቅብኛል። አምፔሩን ከፍ ሳደርግ ወይ ብሬከሩ ይጥላል፣ ወይ ቱቦላሬው (ውስጡ ባዶ የሆነው ባለ አራት ጎን ብረት) ይበሳል። ትናንት በጥቁር መነፅር ትንሽ በይጄ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሲያቃጥለኝ አደረ። ማሽኗ የውሸት ናት እንዴ? ደግሞ ከአሮጌ የዘይት በርሜል ምድጃ ልሠራ አስቤያለሁ። ይቻላል?»

ማሽኗ ትቆይ፤ መጀመሪያ ዓይንህ። ያገኘህን ነገር በያጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከአርኩ፣ ማለትም ኤሌክትሮዱና ብረቱ መካከል ከሚነደው የኮረንቲ ብልጭታ፣ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይንን የፊት ሽፋን ይለበልባል። በዚያች ደቂቃ ምንም አይሰማህም። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁርሃል፣ እንባህ ይወርዳል፣ ብርሃን ማየት ያቅትሃል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል። እስከዚያ አትሸው። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አረፍ በልና በቀዝቃዛ ንጹህ ውኃ የራሰ ጨርቅ በተከደነ ዓይንህ ላይ አድርግ። ድንች ለጥፍበት፣ ወተት ጠብ አድርግበት የሚሉህን አትስማ። ከሰው የተረፈ የዓይን ጠብታም አትጨምር። በሁለተኛው ቀን ካልተሻለህ፣ እይታህ ከደበዘዘ ወይም ብረት ገብቶብኝ ይሆናል ብለህ ከጠረጠርክ ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ።

የፀሐይ መነፅር ለብየዳ አይሆንም። መንገድ ዳር ብዙ ልጆች በእሱ ሲሠሩ ስለምታይ ይሆናል የለመድከው። ብርሃኑ ስለማያስቸግራቸው የተከለሉ ይመስላቸዋል። ለአንተ ሥራ የሚሆነው 10 ቁጥር መስታወት ያለው፣ ፊትና አንገት የሚሸፍን ማስክ ነው። ራሱ የሚጨልመው ዓይነት ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ በጣም ይመቻል፤ ግን ጥራቱ ከማይታወቅ ርካሽ ራስ-ጨላሚ ይልቅ ተራውን ባለ 10 መስታወት ማስክ እመርጥልሃለሁ። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው እንዳያዩ ደግሞ አንሶላ ሳይሆን ወፍራም ሸራ ወይም ላሜራ ጋርድ። ለእነሱ ማስክ የሰጣቸው የለም።

አሁን ወደ ማሽኗ። የውሸት ናት ብዬ አልፈርድባትም። ላይዋ ያለው 250 አምፔር ግን አያታልልህ። ከእነዚህ ትንንሽ ማሽኖች ብዙዎቹ የተጻፈባቸውን ያህል አይሰጡም። ደስ የሚለው፣ አንተም አያስፈልግህም። ለባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃል። ለ3.2 ከ90 እስከ 130። ፍርግርግ የሚሠራ ሰው 130 ላይ ምንም ጉዳይ የለውም።

እኔ የምጠረጥረው ማሽኗን ሳይሆን ኮረንቲው የሚመጣበትን መንገድ ነው። በ70 አምፔር ስትበይድ ማሽኗ ከሶኬቱ በግምት 12 አምፔር ትስባለች። ወደ 120 ስታወጣት 23 አካባቢ ትደርሳለች። የቤት ሶኬት ብሬከር ብዙ ጊዜ 16 ነው። ስለዚህ ብሬከሩ የጣለው ሥራውን ስለሠራ ነው። አደራ፣ ነቅለህ በ32 እንዳትቀይረው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ያን ያህል መሸከም ካልቻለ፣ ቀጥሎ የሚነደው እሱ ነው፤ ሲነድም አታየውም።

ብዙ ቤት ግን አንድ የተሻለ መስመር አለ፤ የምጣዱ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚበላ፣ በደንብ የተሠራ ቤት ከሆነ ወፈር ያለ ሽቦና የራሱ ብሬከር ተሰጥቶታል። ኤሌክትሪሺያን አይቶት ከዚያ መስመር የኢንዱስትሪ ሶኬት ያውጣልህ። በዚያው የመሬት መስመር፣ ማለትም ኧርዝ፣ በትክክል መኖሩን ያረጋግጥልህ። ሦስተኛውን የፕለግ እግር ቆርጠው የሚሰኩ አሉ፤ ማሽኗ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ቆርቆሮዋን የነካው ሰው ራሱ ኧርዝ ይሆናል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ብየዳ የለም፤ ይህን ከቤት ሰው ጋር አስቀድመህ ተነጋገር።

ኤክስቴንሽንህንም እየው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተሠራ ዲቫይደር ለብየዳ አይሆንም፣ ይቀልጣል። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 1.5 ሽቦ 20 አምፔር ሲያልፍበት 15 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይበላል። ባለ 2.5 ከሆነ 9 ገደማ። (ይህ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኤሌክትሮዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ጋር አታምታታው።) ስለዚህ ከ2.5 አትውረድ፣ አሳጥረው፣ ጥቅልሉንም ሙሉ ለሙሉ ፍታው። ተጠቅልሎ እያለ ብትሠራበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

እንዲህ አድርገህ ፈትሽ። አንተ ስትበይድ ሌላ ሰው ያንኑ መስመር በመልቲሜትር ይለካ። ሳትጀምር 220 ያሳየው ስትጭር ወደ 190 ከወረደ፣ ኤሌክትሮዱ የሚጣበቀው በእጅህ ጥፋት ብቻ አይደለም። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ቮልቴጅ የሚወርድበት አካባቢ ከሆነ ረፋድ ላይ ሥራ። በዚያ ላይ ቀን ብርሃን አለ።

መስመሩ ደህና ሆኖም የሚጣበቅ ከሆነ ማሳውን፣ ማለትም የሚበየደውን ብረት የሚቆነጥጠውን የማሽኗን ኬብል፣ ተመልከት። በሩ ቀለም ተቀብቷል፣ ከሥሩ አንቲረስት አለ፣ ከዚያ በታች ዝገት። ማሳውን እላዩ ላይ ቆንጥጠህ ኮረንቲ ያልፋል ብለህ አትጠብቅ። የምትቆነጥጥበትንም የምትበይድበትንም በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ ነጭ ብረት እስኪታይ ጥረገው። ከምትበይድበትም አታርቀው። በር ላይ ከሆነ ማሳው በሚበየደው ክፍል ላይ ይሁን፤ አለዚያ ኮረንቲው በማጠፊያው በኩል ያልፍና ማጠፊያውን ይበላዋል።

ኤሌክትሮዱስ? ፓኬቱ ላይ 6013 የሚል ከሆነ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ነው፤ በቀላሉ ይነሳል፣ ቀጭን ብረት ላይም ገር ነው። 7018 ጠንካራ ነው እየተባለ ሰጥተውህ ከሆነ ለጊዜው አስቀምጠው። እሱ እርጥበት የማይወድ፣ እንደገና ሲጫር የሚያስቸግር፣ ብዙ ትንንሽ ማሽኖችም በደንብ የማይነዱት ነው። 6013ም ቢሆን በክረምት ክፍት ፓኬት ውስጥ ከከረመ ይተፋል፣ ሽፋኑም ይረግፋል። ሁለት ጫፉ በሚከደን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አኑረው።

አጫጫሩ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ቀጥ አድርጎ መውጋት። ያን ጊዜ ይጣበቃል። ክብሪት እንደምትጭር ጠረግ አድርገውና ብልጭ ሲል ወዲያው ትንሽ አንሳው። ትንሽ ስልህ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የኤሌክትሮዱን የራሱን ውፍረት። ኤሌክትሮዱ እያለቀ ሲሄድ እጅህም አብሮት ዝቅ ይበል፤ ካልወረድክ አርኩ ይረዝማል፣ ይተፋል፣ ሙቀቱም ይበዛል። ፒንሳው (የኤሌክትሮዱ መያዣ) ወደምትሄድበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ዘንበል ይበል። ዓይንህን ብልጭታው ላይ ሳይሆን ከኋላው ባለው የቀለጠ ብረት ላይ አድርግ። ከተጣበቀብህ በእጅ አንጓህ ጠምዝዘህ ንቀለው። እምቢ ካለ ፒንሳውን ከፍተህ ልቀቀው፤ እየጎተትክ ማሽኗን አታቃጥላት።

ይህን በሩ ላይ አትማረው። ከምናለሽ ተራም ሆነ ከሰፈርህ ብረታ ብረት ቤት 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁርጥራጭ ግዛ። በ75 አምፔር ጀምረህ መስመር በመስመር ሙላው። እየተጣበቀ ካስቸገረህ 5 ጨምር። ዳርና ዳሩን ከቦረቦረ 5 ቀንስ። እጅህ ቁጥሩን የሚያውቀው እዚያ ላይ ነው።

ቱቦላሬው የሚበሳው ቀጭን ስለሆነ ነው። ገበያ ላይ ባለ 1.2 እና ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ይገኛል፤ ሻጩ የነገረህን ትተህ በካሊፐር ለካው። ለእሱ ባለ 2 ኤሌክትሮድ ካገኘህ ከ45 እስከ 55 አምፔር ያዝ። 2.5 ብቻ ካለህ ወደ 60 አውርደው። ፒንሳውን ኔጌቲቩ ላይ፣ ማሳውን ፖዘቲቩ ላይ ስካ። ለ6013 ችግር የለውም፣ ወደ ቀጭኑ ብረትም የሚገባው ሙቀት ይቀንሳል። አርክ ፎርስ የሚል ማዞሪያ ካላትም ዝቅ አድርገው።

ከቁጥሩ በላይ ግን ልዩነት የሚያመጣው አቆራረጥህ ነው። አስተካክለህ ቁረጥ። ሁለቱ ብረቶች ሲገጠሙ በመሃላቸው ብርሃን ከታየ፣ ያ ክፍተት ነው የሚበሳው። ብዙ ሰው በግራይንደር ግምት ቆርጦ ቀሪውን በኤሌክትሮድ እሞላዋለሁ ይላል፤ ከዚያ ሙሉ ቀን ቀዳዳ ሲያሳድድ ይውላል። ከገጠምክ በኋላ አራቱንም ማዕዘን በነጥብ ብቻ ያዝ። ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ሰያፉን ሁለቱንም ለካ፤ እኩል ካልሆነ አሁን መታ አድርገህ አስተካክል፣ በኋላ አይታዘዝም። ከዚያ አንድ ሴንቲ ሜትር በይደህ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ተሻገር። አንድ ቦታ ላይ አትክረም። ከተበሳብህም በዚያው ትኩሳት አትጨምርበት። ይቀዝቅዝ፣ ስላጉን (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) አራግፍ፣ ከቀዳዳው ዳር ጀምረህ በአጫጭር ነጥብ ወደ ውስጥ ዝጋው። ስላግ ስታራግፍ ማስኩን ካነሳህ ከሥሩ ነጭ መከላከያ መነፅር ይኑርህ፤ ትኩስ ስላግ ይፈናጠራል።

ሌላ ሳትጠይቀኝ የምነግርህ፣ ነጭ የሚያብረቀርቀውን ጋልቫናይዝድ ብረት ነው። ላዩ ዚንክ ነው። ሲበየድ የሚወጣውን ነጭ ጭስ ከሳብከው ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አፍህ ውስጥ የብረት ጣዕም። ወባ ነው ብሎ ክኒን የሚፈልግ አለ። ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይለቃል፤ መተንፈስ ካስቸገረህ ግን ሐኪም ቤት ነው። ወተት ጠጥተህ ሥራ የሚለውን ምክር ከሁሉም በያጅ ትሰማለህ። ወተት ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ ይገባል፣ አይገናኙም። ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ፍቀህ አንሳ፤ ስትፍቅም አፍና አፍንጫህን በአቧራ መከላከያ ሸፍን። ደጅ ሥራ፣ ነፋሱ ከጎንህ ይምጣ፣ ጭንቅላትህን ከጭሱ በላይ አታድርግ።

ልብስህ ጥጥ ወይም ጂንስ ይሁን። ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። የቆዳ ጓንት፣ ድፍን ጫማ፣ ሱሪህ ጫማው ላይ የወረደ እንጂ የተጠቀለለ አይሁን። ፒንሳው ላይ ሳትበይድ እንኳ ከ50 እስከ 80 ቮልት አለ፤ በደረቅ ጓንት አይሰማህም፣ በላብ በራሰ ልብስ እርጥብ መሬት ላይ ተንበርክከህ ግን ሊገድልህ ይችላል። ደረቅ ጣውላ ላይ ቁም፣ ዝናብ ሲጀምር አቁም። ፍራሽ፣ ቺፑድ፣ የጋዝ ሲሊንደር በ10 ሜትር ዙሪያ አይኑር። ባልዲ ውኃ ወይም አሸዋ አጠገብህ ይቀመጥ፤ እሱ ግን ማሽኗ ከሶኬት ሳትነቀል ለማሽኗ አይደለም። ጨርሰህ ስትሄድም ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ቦታውን እይ።

ማሽኗን ከግራይንደሩ አርቃት። ፋኗ የብረት ብናኝ እየሳበች ውስጧ ታስገባለች፣ ብናኙ ደግሞ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ትንንሽ ኢንቨርተሮችን ከሚገድሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቢጫ መብራት በርቶ ካቆመች ሞቃለች ማለት ነው፤ አታጥፋት፣ ፋኗ እየዞረች ትቀዝቅዝ። ከጀርባዋ 60 በመቶ የሚል ካለ ከ10 ደቂቃ 6ቱን ትሠራለህ፣ 4ቱን ታርፋለች ማለት ነው፤ የሚሠራውም አጠገቡ በተጻፈው አምፔር ነው።

የበርሜሉ ነገር፦ አይቻልም። ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን የያዘ በርሜል ባዶ መስሎ ቢታይ፣ ታጥቦ እንኳ ቢሆን፣ ክዳኑና ስፌቱ ውስጥ የቀረው ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ክዳኑን እንደ ጥይት አስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። የግራይንደር ብልጭታም ያው ነው። ክዳኑን ከፍቼ፣ ውኃ ሞልቼ እሠራለሁ የሚሉ አሉ፤ በዚህ ሥራ ያልቆየ ሰው እንዲሞክረው አልመክርም። ለምድጃው ባለ 2 ወይም ባለ 3 ላሜራ ግዛ፣ ብረት ቤቱ በልክህ ቆርጦ አጥፎ ይሰጥሃል። አንተ አራት ማዕዘን ብቻ ነው የምትበይደው፣ በ2.5 ኤሌክትሮድ፣ በ75 አምፔር።