ስርዝና ድልዝ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ ፒያሳ ቡና ስጠጣ ሦስት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የእንግሊዟን ከተማ የብሪስቶልን ቪዲዮ ያያሉ፤ ሰዉ የባሪያ ነጋዴውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት በገመድ ጎትቶ ጥሎ፣ እያንከባለለ ወስዶ ወደቡ ውስጥ ሲወረውረው። ግንቦት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነ ነው። አንዱ “ደግ አደረጉ” አለ፤ ሌላው “ታሪክ አጠፉ”። ሦስተኛው ሒሳብ ከፈለ። ሳይጠየቁ መናገር ደስ ስለማይለኝ ዝም ብዬ ወጣሁ።

እኔ እዚሁ ደሴ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። በእኛ ሙያ ስርዝና ድልዝ ለየቅል ናቸው። ስሕተት ሲገኝ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው ይነበባል፤ ጎኑ ላይ ፊርማና ቀን ይሰፍራል። ስርዝ ይሄ ነው። ድልዝ በምላጭ መፋቅ ነው፤ ወረቀቱ ሳስቶ ያሳብቃል፣ ቃሉ ግን አይመለስም።

ኮልስተን ከአንድ የእንግሊዝ የባሪያ ንግድ ኩባንያ አለቆች አንዱ ነበር። እሱ በነበረበት ዘመን ኩባንያው ወደ 84 ሺህ አፍሪካውያንን በመርከብ እንዳጋዘ፣ ከነዚህም 19 ሺህ ያህሉ ባሕር ላይ እንደሞቱ ይገመታል። ሰውየው በሞተ በ174 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ሐውልት ሲቆምለት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስለ ምግባሩና ስለ ጥበቡ ነው። ስለ ባሪያ ንግድ አንድም ቃል የለም። እንግዲህ ማን ነው መጀመሪያ የደለዘው?

ከተማው ሐውልቱን በአራተኛው ቀን ከውሃ አወጣው። ጭቃውን አጥበው ሰልፈኞቹ የረጩበትን ቀለም ተዉት፤ አሁን ሙዚየም ውስጥ እንደተጋደመ ይታያል። ሲያጸዱት የ1895 መጽሔት ከውስጡ ወጣ፤ ሐውልቱን የተከሉት ሠራተኞች ስም በእጅ ተጽፎበታል። ቢያቀልጡት ይሄ የት ይገኝ ነበር?

“ሙዚየም ይግባ” ማለት አፍ ላይ ይቀላል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሲዘረፍ ያየ ሰው ቃሉን ሲናገር ትንሽ ይዘገያል። ቢሆንም ሌላ ቦታ አላውቅም።

በምላጭ ባይሆንም እኔም ደልዤአለሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ቤተሰብ የአያታቸውን ኑዛዜ ግልባጭ ፈለጉ። ከውርሱ መሐል አንዲት ሴት በስሟ ተጠርታ፣ አጠገቧ “ባሪያዬ” የሚል አለ። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ነገሩ ሩቅ አልነበረም። “ስማችን ይጠፋል፣ ወንድማችን፣ በአላህ” ብለው ለመኑኝ። መስመሩን ዘልዬ ገለበጥኩላቸው። ዋናው በኋላ ጣሪያው አፍስሶበት በሰበሰ።

ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጇ መጣች። የአያቷን ስም ነበር የምትፈልገው፣ እኔ ጋ ያለው የራሴው ግልባጭ ነው። በ“ደ” ይጀምር ነበር መሰለኝ።