የ1968 ሙስታንግ የኋላ ጎማ ፓራፋንጎውን ሲነካ

ሰላም ወንድሜ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመው። መኪናህ በፈረንጆቹ የ1968 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ነው፤ ከኋላ 15 በ8 ኢንች ቸርኬ ላይ 255/60 አር 15 ጎማ ገጥመሃል። ጎርባጣ ላይ ስትወርድና ወደ ግራ ስትታጠፍ የግራው ጎማ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይነካል፤ ቀኙ ግን ምንም አይልም። አንዱ መካኒክ ጠርዙን በመዶሻ እንምታው ብሎሃል፣ ሌላው ደግሞ በአየር የሚነፋ ሾክ አብዞርበር ገጥመህ ኋላውን ከፍ አድርገው ብሎሃል።

ሁለቱንም ለጊዜው ተዋቸው። አንድ ጎኑ ብቻ በሚነካ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ላሜራው አይደለም። መጀመሪያ መለካት አለብህ፤ ላሜራ አንዴ ከተመታ ወደ ነበረበት አይመለስምና።

መነሻው የት እንደሚነካ በእርግጠኝነት ማወቅ ነው። የጠርዙን የውስጥ ፊት በጨርቅ ጥረግና ነጭ ጠመኔ ቀባው። ባሌስትራውን (አክስሉ የተንጠለጠለበትን የተደራረበ ብረት ስፕሪንግ) እና የጎማ ቤቱን የውስጥ ግድግዳም እንዲሁ ቀባ። በሚነካብህ መንገድ ላይ ነድተህ ተመለስና ባትሪ አብርተህ እይ፤ ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ ላይ ነው የሚነካው። ጎማውንም ተመልከት። ትከሻው ላይ ዙሪያውን እንደ ቢላ የተሳለ ቀጭን መስመር ካለ የነካው የላሜራው ጠርዝ ነው። የውስጠኛው ጎኑ እንደተወለወለ ካብረቀረቀ ደግሞ ባሌስትራው ነው። ጎኑ ተቆርጦ ክሩ የታየ ጎማ ጎሚስታ የሚጠግነው አይደለም፤ ዛሬውኑ አውርደው።

መታጠፊያ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፍ ቦዲው ወደ ቀኝ መሄድ ይፈልጋል፣ ጎማዎቹ ግን መንገዱን ይዘዋል። ስለዚህ አክስሉ ከቦዲው አንጻር ወደ ግራ ይሸሻል። የግራው ጎማ ወደ ውጭ፣ ወደ ጠርዙ ይጠጋል፤ የቀኙ ወደ ውስጥ፣ ወደ ባሌስትራው። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ተራው የቀኙ ነው። ያንተ መኪና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ቀኙ ካልነካ፣ ግራው ገና ቆሞ ሳለ ለጠርዙ የቀረበ ነው ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ወይ አክስሉ ወደ ግራ ስለተንሸራተተ፣ ወይ የግራው ፓራፋንጎ ራሱ ወደ ውስጥ ስለገባ ነው።

ሁለቱን ለመለየት መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁም። ከሁለቱም ፓራፋንጎ ጫፍ፣ በጎማው መሃል ትክክል፣ ቱምቢ አንጠልጥልና ከክሩ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ለካ። ቀጥሎ ከሥር ገብተህ ከሻንሲው ብረት እስከ ቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ያለውን በሁለቱም በኩል ለካ። የውጪው ልኬት ተለያይቶ የውስጡ እኩል ከሆነ አክስሉ መሃል ላይ ነው፤ ችግሩ ፓራፋንጎው ነው። ከ50 ዓመት በላይ የቆየ መኪና አንድ ጎኑ ተመትቶ ወይም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የውስጡም የውጪውም ከተለያየ አክስሉ ተንሸራቷል፤ የልዩነቱ ግማሽ የተንሸራተተበት መጠን ነው። ለምሳሌ ከሥር ግራው 62፣ ቀኙ 50 ሚሊሜትር ቢሆን አክስሉ 6 ሚሊሜትር ወደ ግራ ሄዷል።

አክስል እንዲሁ አይንሸራተትም። የባሌስትራው የመሃል ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ካለው መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ የመሃል ብሎኑ ተቆርጦ እንደሆነ፣ የባሌስትራው የፊት አይን (ብሎን የሚያልፍበት ቀለበት) ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ቡሽ፣ ተበልቶ እንደሆነ፣ የኋላው ሻክል (ባሌስትራውን ከቦዲው የሚያያይዘው ተወዛዋዥ ማያያዣ) ጎሚኒ ተሰባብሮ እንደሆነ ፈትሽ። ረጅም ፌሮ በባሌስትራውና በሻንሲው መካከል አስገብተህ ወደ ጎን ስትገፋ በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ ጎሚኒው አልቋል። ከሌላ መኪና የመጣ አክስል ከሆነ ደግሞ የባሌስትራ መቀመጫዎቹ ተዛንፈው ተበይደው ይሆናል። ስፋቱንም ለካ፦ ከ1967 እስከ 1970 ያለው የሙስታንግ አክስል ከቸርኬ መቀመጫ ፊት እስከ ቸርኬ መቀመጫ ፊት 59.25 ኢንች ነው። ከ1971 እስከ 1973 ያለው 61.25 ነው። የኋለኛው ገብቶልህ ከሆነ እያንዳንዱ ጎማ 1 ኢንች ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ያኔ ሌላ ምክንያት አትፈልግ።

ጎሚኒ ስትቀይር ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የፊት አይኑን ብሎንና የሻክሉን ዳዶዎች መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ አታጥብቃቸው። ጎሚኒው በዚያ ሁኔታ ከተያዘ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቁመቱንም ያዛባል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ሳታጠብቅ አስገባቸው፣ መኪናውን መሬት አውርድ፣ ኋላውን ጥቂት ጊዜ ተጭነህ አወዛውዝ፣ ከዚያ አጥብቅ። ጥቂት ሚሊሜትር ማስተካከል ከፈለግህም ዕድሉ ይኸው ነው፤ ሁሉም ላላ ሳለ አክስሉን በፌሮ ገፋ አድርገህ መሃል አስይዘው። ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ የጎን እንቅስቃሴን በደንብ ይቀንሳል፣ ግን ቅባት ይፈልጋል፤ ሳይቀባ ከገባ ይጮሃል።

አሁን ወደ ቸርኬው። ባክስፔሲንጉን (ከቸርኬው የኋላ ጠርዝ እስከ ብሎኖቹ መቀመጫ ፊት ያለውን ርቀት) አልጻፍክልንም፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር ግን እሱ ነው። ቸርኬውን በፊቱ ደፍተህ ከኋላው ጠርዙ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ አጋድምና ከዘንጉ እስከ ብሎኖቹ መቀመጫ ፊት ያለውን ለካ። 15 በ8 ቸርኬ በ3.75ም በ4.5ም ኢንች ባክስፔሲንግ ይሸጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ነው። የ8 ኢንች ቸርኬ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 9 ኢንች ግድም ስለሚሆን በ4.5 ጎማው ልክ መሃል ላይ ይቀመጣል። በ3.75 ግን 19 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል።

ቸርኬውን አውልቅ፤ አክስሉን፣ ቦዲውን ሳይሆን፣ በብረት መደገፊያ ላይ አስቀምጥና የመኪናውን ክብደት አሸክመው። የፍሬኑ ታምቡር ፊት ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ አቁምና ከዘንጉ ወደ ውጭ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ እስከ ባሌስትራውና እስከ ግድግዳው በስኳድራ ለካ። ለምሳሌ ወደ ውጭ 140፣ ወደ ውስጥ 150 ሚሊሜትር አገኘህ እንበል። የጎማህ ትክክለኛ ስፋት፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ተነፍቶ የተለካው፣ 260 ቢሆን ግማሹ 130 ነው። በ3.75 ቸርኬ ወደ ውጭ 149 ይፈልጋል፤ ያለህ 140 ነው፣ የግድ ይነካል። በ4.5 ቸርኬ ከውጭ 10፣ ከውስጥ 20 ይተርፋል። በ4.75 ደግሞ ከውጭ 16፣ ከውስጥ 14 ይተርፋል፤ በባሌስትራ ለሚሄድ መኪና እኔ የምመርጠው ይህን ነው፣ ምክንያቱም በሁለቱም በኩል ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። የራስህን ቁጥር አስገብተህ አስላው። የኋላውን ፍሬን ወደ ዲስክ ከቀየርክ ዲስኩ ተገጥሞ ሳለ ለካ፤ አንዳንዱ ዲስክ ቸርኬውን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ጎማ ማሳነስም መፍትሔ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። 245/60 አር 15 በስፋቱ 10 ሚሊሜትር ይቀንሳል፣ በቁመቱም ከ687 ወደ 675 ሚሊሜትር ይወርዳል። እያንዳንዱ ጎን 5 ሚሊሜትር ብቻ እንደሚያገኝ ግን አትርሳ።

ይህን ሁሉ አስተካክለህም ጥቂት ሚሊሜትር ከጎደለህ ያኔ ጠርዙን ማጠፍ ይመጣል። በመዶሻ አይደለም። በጎማውና በጠርዙ መካከል እንጨት አስገብቶ መኪናውን መግፋትም አይደለም፤ እሱ ፓራፋንጎውን ጎትቶ ያወጣዋል፣ ቅርጹም ዳግም አይስተካከልም። ቸርኬው ወልቆ በቸርኬው ብሎኖች የሚታሰር ጠርዝ ማጠፊያ ሮለር ይከራያል፤ እሱን ውሰድ። አስቀድመህ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ጠርዙ ላይ አስኪድ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ ስታጥፈው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ያንን ቦታ ለቀለም ቤት ተወው። ከሥሩ የተጋገረውን ጭቃና ሬንጅ ፋቅ። ቀለሙን በሂት ጋን እጅህን ለማሳረፍ እስኪያስቸግር፣ ወደ 60 ዲግሪ፣ አሙቀው፤ ቀዝቃዛ ቀለም ይፈረከሳል። ሮለሩን በቀስታ ከፊት ወደ ኋላ መልስ፣ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ አጥብቀው፣ በየመካከሉም ድጋሚ አሙቅ። አራት ወይም አምስት ዙር ይፈጃል። ውጪውን በመዳፍህ እየዳሰስክ ሂድ፤ ሞገድ መሰል ነገር ከተሰማህ ቸኩለሃል። ጠርዙ ላይ ላሜራው ከጎማ ቤቱ ግድግዳ ጋር በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ነው። ቆርጦ መጣል ብየዳውን ስለሚያስወግድ ሁለቱ ላሜራዎች ይለያያሉ፣ ውሃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። መቁረጥ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ከመቁረጫው መስመር በላይ ይበየድ። ሲያልቅ የተጋለጠውን በአንቲረስት ቀባና በሲሊንግ ማስቲሽ ዝጋው።

በአየር ስለሚነፋው ሾክ አብዞርበር፦ በዚህ መኪና ላይ የሾኩ የላይኛው ማሰሪያ ከሻንጣው ወለል በታች ባለው ላሜራ ላይ ነው። የተሠራው መወዛወዝን ለመግታት እንጂ የመኪናውን ክብደት ለመሸከም አይደለም፤ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ረጅም ሻክልም አትግጠም፤ ሻክሉ በረዘመ ቁጥር አክስሉ ወደ ጎን የሚወዛወዝበት ክንድ ይረዝማል፣ መታጠፊያ ላይ መንካቱ ይብሳል። ኋላው በእውነት ከወረደ ባሌስትራው ደክሟል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር። ከአክስሉ በላይ ያለውን፣ አክስሉ ወደ ላይ ሲወጣ የሚገታውን የላስቲክ ማቆሚያም እይ፣ ወልቆ ጠፍቶ ከሆነ አክስሉ ከሚገባው በላይ ይወጣል።

ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ቀለበት) የሚያስገባ ሰው ካለም ልብ ይበል፦ የሙስታንጉ የቸርኬ ብሎን ግማሽ ኢንች ሲሆን በኢንች 20 ጥርስ አለው። ዳዶው ቢያንስ 10 ዙር መግባት አለበት። ከዚያ ካነሰ ረጅም ብሎን ይገባለት።

ሁሉም ሲገጠም የቸርኬውን ዳዶ በቶርክ ቁልፍ ከ75 እስከ 85 ፉት ፓውንድ አጥብቅ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ እሱንም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን ዩ ቦልትም ድገም። ጠመኔውን እንደገና ቀብተህ ያንኑ መንገድ ሂድበት፣ ሻንጣው ሙሉ ሆኖ ኋላ ሁለት ሰው ተቀምጦ። የቱምቢውን፣ የሻንሲውንና የባክስፔሲንጉን ልኬት ከግራም ከቀኝም ጻፍልን፤ በየትኛው እንደምትጀምር ከዚያ አብረን እናየዋለን።