የገና ባቡር ሥራና የተማሪ ቪዛ

ጥያቄ፦ በሰሜን እንግሊዝ በተማሪ ቪዛ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። አንድ የእንፋሎት ባቡር ድርጅት ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና ዋዜማ ለልጆች በሚያዘጋጀው ጉዞ ላይ የገና አባት ረዳት ልብስ ለብሼ ትኩስ ቸኮሌት እንዳድልና በየፉርጎው እየዘፈንኩና እየጨፈርኩ ልጆቹን እንዳጫውት ውል ሰጥቶኛል። ሰዓቱንም ዘፈኑንም የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ ውሉ ግን «በግሏ የምትሠራ» ይለኛል። የሁለት ቀን ልምምድ ክፍያ የለውም፤ ለልብሱም 40 ፓውንድ ይቆረጥብኛል። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እርስዎን ያሳሰበዎት ገንዘቡ ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቪዛዎ ነውና ከእሱ እጀምራለሁ።

በዲግሪና ከዚያ በላይ ደረጃ የሚማር የቪዛ ባለቤት በትምህርት ወቅት መሥራት የሚችለው በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት ነው። ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠራል፤ ቅዳሜንና እሑድን ሙሉ ሠርተው ሁለት ምሽት ቢጨምሩበት ገደቡን በቀላሉ ያልፉታል። ብዙ ተማሪዎች ይህን አንዱን ሕግ ይዘው ሌሎቹን ሁለት ይዘነጋሉ። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በግሉ ሥራ መተዳደር አይችልም፤ በአዝናኝነት ሙያ ተከፍሎትም አይሠራም። የእርስዎ ውል ሁለቱንም ይነካል።

«በግሏ የምትሠራ» የሚለው ሐረግ እውነቱን አይገልጽም። ሰዓትዎን፣ ልብስዎንና ዘፈንዎን ሌላ ሰው እየወሰነ በግልዎ ይሠራሉ ማለት አይቻልም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በኡበር ሾፌሮች ጉዳይ ሲወስን ያየው ውሉ ላይ የተጻፈውን ስም ሳይሆን የሥራውን ትክክለኛ አሠራር ነው። ሆኖም ይህን ፍርድ ተማምነው አይፈርሙ። ከኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ጋር ክርክር ቢነሳ የራስዎ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይቀርብብዎታል፤ የሚጠፋው ደግሞ የወቅት ደመወዝ ሳይሆን ትምህርትዎ ሊሆን ይችላል።

እንግዳ መቀበልና ቸኮሌት ማደል ልብሱ የበዓል ስለሆነ ብቻ የአዝናኝ ሙያ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ለመዝፈንና ለመጨፈር መከፈል ግን ወደ ክልከላው በጣም ይጠጋል። ስለዚህ ድርጅቱ በደመወዝ መዝገቡ ላይ እንደ ተቀጣሪ እንዲያስገባዎትና የሥራ ዝርዝሩ መስተንግዶ ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሚሰጥዎትን ረቂቅ ለዩኒቨርሲቲዎ የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ያሳዩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ፈቃድ የሌለው ሰው የኢሚግሬሽን ምክር መስጠትን ሥራው አድርጎ መያዙ በዚያ አገር ወንጀል ነውና «እኔ አውቃለሁ» የሚል ወዳጅ አይበቃዎትም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ዕድሜያቸው 21 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ዝቅተኛው ሕጋዊ ክፍያ ከኤፕሪል 2025 እስከ ማርች 2026 በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር። ግዴታ የሆነ ልምምድ የሥራ ሰዓት ነው፤ ይከፈላል። ለልብሱ የሚቆረጠው ገንዘብ ደመወዝዎን በሚሠሩበት ጊዜ ካለው ዝቅተኛ ክፍያ ወለል በታች ካወረደው ሕገ ወጥ ነው፤ ወለሉን ባይነካም አስቀድመው በጽሑፍ ካልፈቀዱ ወይም ውሉ ካልፈቀደ ድርጅቱ መቁረጥ አይችልም። የዓመት ፈቃድ ክፍያም ይገባዎታል። የሠሩበትን ሰዓት በየቀኑ ይመዝግቡ። ካልከፈሉዎት ወደ ሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት አካስ ለተባለው አስታራቂ ተቋም ማመልከት አለብዎት። ጊዜው ክፍያው ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሊሞላ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ ብቻ ነው።