ፖርቱ አለ፣ አይፒው የት ሄደ? የኤንማፕን ውጤት በአውክ ማስተካከል

ጠያቂያችን የሚያስተዳድረውን ኔትወርክ በኤንማፕ (የማሽኖችን ፖርት፣ ማለትም የአገልግሎት በር፣ በሚፈትሽ ፕሮግራም) ስካን አድርጎ ክፍት ፖርቶቹን በግሬፕ (የፈለግከው ቃል ያለበትን መስመር በሚለቅም ትዕዛዝ) ሲለይ፣ እጁ ላይ የቀረው የፖርት ዝርዝር ብቻ ነው። የትኛው ፖርት የየትኛው ማሽን እንደሆነ አይታወቅም። እሱ የሚፈልገው በአንድ መስመር ላይ አይፒ (የማሽኑ አድራሻ)፣ ፖርትና የአገልግሎት ስም ነው። በሶርት ትዕዛዝ በቅደም ተከተል ሲያስቀምጠው ደግሞ 10 ከ2 በፊት ይመጣበታል።

ወንድሜ፣ ግሬፕ ጥፋት የለበትም። እሱ መስመር ይመርጣል እንጂ ከዚያ በፊት ያየውን አያስታውስም። ኤንማፕ ለሰው ዓይን ብሎ በሚጽፈው ውጤት ላይ ግን አይፒው አንዴ ከላይ ይጻፍና ፖርቶቹ ከሥሩ ይደረደራሉ። አንተ ከሥር ያሉትን ብቻ ስትለቅም ባለቤታቸውን ጥለህ መጣህ ማለት ነው። ሌላም ጣጣ አለው። ኦፕን የሚለውን ቃል በግሬፕ ስትፈልግ፣ ፖርቱ ዝግ የሆነ የኦፕንቪፒኤን (የቪፒኤን አገልግሎት) መስመርም አብሮ ይመጣል፣ ስሙ ውስጥ ቃሉ አለበትና። የዩዲፒ (ግንኙነት ሳይመሠርት ዳታ የሚልክ ፕሮቶኮል) ስካን ከሆነማ ባሰ፤ ክፍት ይሁን በፋየርዎል የታገደ ኤንማፕ ራሱ ያልለየው ፖርት፣ ኦፕንና ፊልተርድ በ | ተያይዘው ስለሚጻፉ፣ ከእርግጠኛው ክፍት ጋር ይደባለቅብሃል።

በመጀመሪያ ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጥ። ፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው ማቀበያ) በሞከርክ ቁጥር ኔትወርኩን እንደገና ስካን አታድርግ፣ ለምን ትደክማለህ? ኤንማፕን በሰረዝ፣ ትንሹ ኦ፣ ትልቁ ኤ ብታስነሳው ሦስት ፋይል በአንዴ ይሰጥሃል፦ የሚነበበውን፣ ለግሬፕ የሚመቸውን እና ኤክስኤምኤሉን (ለፕሮግራም የሚመቸውን)። ስም የማያስፈልግህ ከሆነ ሰረዝ ትንሹ ኤንንም ጨምርበት። ለአይፒው ስም መፈለጉን ይተዋል፣ ስካኑም ይፈጥናል።

ቀጥሎ አውክ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ጽሑፍን መስመር በመስመር እያነበበ የሚሠራ አሮጌ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን እስካሁን ከሱ የሚቀል አላየሁም። የምትጽፈው ሁለት ሕግ ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ መስመሩ በ«ኤንማፕ ስካን ሪፖርት ፎር» ከጀመረ የመጨረሻውን ቃል ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ውስጥ አስቀምጥ፤ አይፒው እሱ ነው። ማሽኑ ስም ካለው አይፒው በቅንፍ ውስጥ ስለሚመጣ ቅንፎቹን በጂሰብ (በአውክ የመተኪያ ተግባር) አጥፋቸው፣ ንድፉ /[()]/ ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ መስመሩ በ /^[0-9]+\// ከጀመረ፣ ማለትም ቁጥርና ስላሽ ከፊቱ ካለ፣ እና $2 (የመስመሩ ሁለተኛ ቃል) ልክ ኦፕን ከሆነ፣ ያስቀመጥከውን አይፒ፣ $1ን እና $3ን አትም። ማነጻጸሪያው == (ልክ እኩል ነው) ይሁን፣ ~ (ውስጡ አለ) አይሁን። ያኔ ኦፕንቪፒኤንም፣ ያ በ | የተያያዘውም ከደጅ ይቀራሉ።

ስታትም በዓምዶቹ መካከል ታብ አድርግ፣ ስፔስ አይሁን። የአገልግሎቱን ቨርዥን ጭምር ስካን አድርገህ ካተምክ የቨርዥኑ ጽሑፍ ራሱ ስፔስ አለበት፤ ኮለምን የሚባለው መሣሪያ ዝም ብለህ ከሰጠኸው እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ዓምድ እያደረገ ሰንጠረዡን ያበላሸዋል። መለያዬ ታብ ነው ብለህ ንገረው፣ ያኔ ቀጥ ይላል።

የ10 እና የ2 ነገር ቀላል ነው። ሶርት ካልነገርከው ቁጥርን እንደ ፊደል ነው የሚያየው፣ 1 ከ2 ስለሚቀድም 10ን ያስቀድማል። ሊኑክስ ላይ ሶርትን በሰረዝ ትልቁ ቪ አስነሳው፣ አበቃ። ያ የማይሠራበት ማሽን ካጋጠመህ ነጥብን መለያ አድርገህ አራቱን የአይፒ ክፍሎች አንድ በአንድ በቁጥር አስደርድር።

ለግሬፕ የሚመቸው ፋይልስ ምን አጠፋ ትለኝ ይሆናል። ምንም። እያንዳንዱ ማሽን በአንድ መስመር ነው፣ ፖርቶቹ በኮማ፣ የፖርቱ ዝርዝር ደግሞ በስላሽ ይለያያል፦ ቁጥር፣ ሁኔታ፣ ፕሮቶኮል እያለ ይቀጥላል። 22 የተከፈተባቸውን ማሽኖች ቶሎ ለማየት አሪፍ ነው። ነገር ግን የኤንማፕ ሰዎች ራሳቸው ጊዜው ያለፈበት ብለውታል፣ ማክ አድራሻም (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) አይጽፍም። ውጤቱን ዳታቤዝ ወይም ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ልታስገባው ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ትተህ ኤክስኤምኤሉን በፓይተን አንብበው፤ በአውክ መታገል እዚያ ላይ ሞኝነት ነው።

ማክ አድራሻውም በሰንጠረዡ ይግባ ካልክ አንድ ነገር ልብ በል። በሚነበበው ፋይል ላይ ማኩ የሚመጣው ከፖርቶቹ በኋላ ነው። ስለዚህ ፖርቶቹን ወዲያው አታትም፤ አጠራቅማቸውና ቀጣዩ የሪፖርት መስመር ሲመጣ አትማቸው፣ የመጨረሻውን ማሽን ደግሞ በአውክ ኤንድ ክፍል (ፋይሉ ሲያልቅ በሚሠራው) ውስጥ። ካተምክ በኋላ የማኩን ተለዋዋጭ ባዶ አድርገው። አለበለዚያ ማክ የሌለው ማሽን፣ ለምሳሌ ስካን የምታደርግበት የራስህ ኮምፒውተር፣ የጎረቤቱን ማክ ይዞ ይወጣል። ማኩ ጭራሽ ካልታየህ ያለ ሱዶ (ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ) አስነስተኸው ይሆናል፣ ወይም ማሽኖቹ ከራውተር ወዲያ ናቸው፤ ከራውተር ወዲያ ላሉት ሱዶም አይረዳህም።