ሃያ ሺህ ብሩን ስትቀበል ምን ላይ ፈረምክ?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ቅዳሜና እሁድን ለማሳለፍ መሃል አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ የቴኒስ ሪዞርት ያዝን። ክፍሉ፣ ቁርሱና የጠዋት ቴኒስ ከአሰልጣኝ ጋር በአንድ ላይ ነው የተከፈለው፣ በቴሌብር። ክፍሉ ሙቅ ውሃ አልነበረውም። ጀነሬተሩ መስኮታችን ስር ሲያጓራ አደረ፤ ደግሞ ጢሱ ይገባል፤ መጋረጃው ሳይቀር ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር። ይሄን እሺ ብለን አለፍነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጠዋት ሜዳው ከኋላ መስመሩ አካባቢ ውሃ አቁሯል። አሰልጣኙ ‹ችግር የለም፣ ግባ› አለኝ። ገና ስንጀምር ተንሸራትቼ ወደቅኩ፤ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሥራ አስኪያጁ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ ታስሮልኝ ስመለስ ለሕክምና ብሎ 20,000 ብር ሰጠኝ። አሁን ሐኪሙ ብረት ያስፈልገዋል ይላል፣ ወጪው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስደውልላቸው ‹እኛ ጨርሰናል› አሉኝ። ሥራ አስኪያጁም ‹አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፣ ስላልለመድክ ነው› ይለኛል። የክፍሉን ገንዘብ፣ ሕክምናዬን፣ ለስቃዬ ደግሞ 500,000 ብር መጠየቅ እችላለሁ? — ከካዛንቺስ»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዜር ይማርህ።

ስለ ጀነሬተሩ ጢስ እስከ መጋረጃው ድረስ ጽፈህልኛል። ስለ 20,000 ብሩ ግን «ሰጠኝ» ብለህ አለፍከው። ይሄ አልተዋጠልኝም። የትኛውም ሥራ አስኪያጅ ይህን ያህል ብር ከካዝና አውጥቶ ሳያስፈርም አይሰጥም፤ ሒሳብ ክፍሉም አይለቀውም። «ጨርሰናል» ያሉህም በባዶ እጃቸው አይመስለኝም። ፈርመሃል ማለት ነው። እና ሌላ ነገር፤ ቀኝ እጅህ ታስሮ ሳለ በየትኛው እጅህ ፈረምክ? በግራህ ሞነጫጨርክ? አሻራ አደረግክ? ወይስ ባለቤትህ ፈረመችልህ? እዚህ ላይ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳይህ ያለው እዚህ ነው።

ቀላል ቀላሉን እንጨርስ። ሙቅ ውሃ አለ ተብለህ ከፍለህ ከሌለ የውል ጉዳይ ነው፤ ከከፈልከው ላይ ተመጣጣኝ ገንዘብ እንዲመለስልህ መጠየቅ ትችላለህ። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጥ ይላል። ማታውኑ ለእንግዳ ተቀባዩ ተናግረሃል ወይስ እንደ ብዙዎቻችን አጉረምርመህ ተኛህ? በቴሌግራም የጻፍክላቸው ነገር ካለ አታጥፋው። ለዚህ ብቻ ብለህ ልደታ ፍርድ ቤት መመላለስ ግን አይመከርም።

ስለ ጉዳቱ፣ ቁጥር 2068ን እንደሚጠቅሱብህ ጠብቅ። በስፖርት መሃል ሌላውን የጎዳ ሰው፣ ተንኮል ወይም ከባድ የጨዋታ ደንብ መጣስ ከሌለ፣ አይጠየቅም ይላል። ይህ በእኔ እይታ ኳስ የመታብህን ተጋጣሚ የሚያድን ነው እንጂ ውሃ ባቆረ ሜዳ ላይ «ግባ» የሚል ድርጅትን አይደለም። አሰልጣኙ የእነሱ ተቀጣሪ ነው ወይስ ሜዳውን በሰዓት የሚከራይ? እሱንም አጣራ፤ ልዩነት ያመጣል። በሩ ላይ «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ሰሌዳ ካለ ብዙም አያስጨንቅህ። ሰው በራሱ ጥፋት ለሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ «አልጠየቅም» ቢል ቁጥር 2147 አይቀበለውም።

የከፍታውን ሰበብ ተወው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ኳሱም በስስ አየር መፍጠኑ እውነት ነው፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የተለየ ኳስ የሚያጸድቀው ለዚሁ ነው። ግን አንተን የጣለህ ኳሱ ሳይሆን ውሃው ነው። ይልቅ ምን ጫማ አድርገህ ነበር? ሶሉ ያለቀ የሩጫ ጫማ ከነበረ አሁኑኑ ለጠበቃህ ንገረው፣ የተጎጂው ጥፋት ካሳን ይቀንሳልና። ችሎት ላይ ከእነሱ ጠበቃ አፍ መስማት አይሻልም።

500,000ውን ደግሞ እርሳው። ሕጉ ለስቃይና ለሐዘን የሚከፈለውን የሞራል ካሳ በቁጥር 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ አስሮታል። አዎ፣ አንድ ሺህ። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው፣ ብሩም የዚያን ዘመን ብር ነበር። ጉልበትህን በደረሰኝ በሚቆጠረው ላይ አውለው፤ ሕክምናው፣ ከሥራ ቀርተህ ያጣኸው ገቢ፣ ወደፊት የማይቀረው ወጪ፣ ለምሳሌ ብረቱን ማስገባትም ማስወጣትም።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

የመኪና አደጋ ይሁን፣ የግንባታ ቦታ ይሁን፣ ሆቴል ይሁን፣ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አንድ ነው። ተጎጂው ሕመም ላይ ነው። ኃላፊው ትሁት ነው፤ «አይዞህ» ይላል፣ ለስላሳ ያስመጣል፣ ሐኪም ቤት ድረስ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ግማሽ ገጽ የማትሞላ፣ በኮምፒውተር የተጻፈች ወረቀት ትወጣለች። «ለሒሳብ ክፍል ነው፣ ፎርማሊቲ ነው» ይባላል። የመጀመሪያው መስመር ገንዘቡን መቀበልህን ይገልጻል፤ ሰው እሱን አንብቦ እስክሪብቶ ያነሳል። ከታች ግን «በደረሰብኝ ጉዳት ምክንያት ከዚህ በኋላ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ እንደማላነሳ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ተቀምጣለች። ያኔ ሐኪሙ ገና ራጁን እንኳ በደንብ አላየውም። ብረት ይግባ አይግባ፣ እጅህ ይታጠፍ አይታጠፍ የሚያውቅ የለም። አንተ ግን መጠኑን የማታውቀውን ጉዳት በ20,000 ብር ሸጠሃል።

የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ካለች ደረሰኝ ናት፤ ገንዘቡ ከጠቅላላ ካሳው ይቀነሳል፣ በቃ። ሁለተኛዋ ካለች ግን ጣጣ ነው። ክርክርን ለመጨረስ የተደረገ የስምምነት ውል ነው ብለው ይዘው ይቀርባሉ፤ እንዲህ ያለው ውል ደግሞ በቁጥር 3312 በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ስለ ሜዳው ውሃ አንድ ቃል ሳይነሳ መዝገብህ ሊዘጋ ይችላል።

«ለመጀመሪያ እርዳታ ነው ብለውኝ ነው፣ ባለቤቴ ሰምታለች» ትለኝ ይሆናል። አምንሃለሁ። ፍርድ ቤቱ ግን ቁጥር 2005ንና 2006ን ይከፍታል፤ የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል በቂ ማስረጃ ነው፣ በጽሑፉ ያለውን በሰው ምስክር ማፍረስም በመርህ ደረጃ አይቻልም። በቃል የተባለልህ ሁሉ እዚያ ላይ ያልቃል።

መውጫ አለ ወይ? አለ፣ ጠባብ ነው። ፈቃድህ በስህተት፣ በተንኮል ወይም በማስገደድ የተገኘ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን ያንተ ሸክም ነው። ጠንካራ ማስታገሻ ወስደህ ከነበረ በሕክምና ካርድህ ላይ መጻፉን አረጋግጥ። ባለቤትህ ፈርማልህ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቁጥር 2205 ስለ ሌላ ሰው ሆኖ ክርክርን በስምምነት መጨረስ ልዩ ውክልና ይፈልጋል ይላል፤ ሚስት መሆን ብቻ አይበቃም። ብሩን ወስደህ ተጠቅመህበታልና «ድርጊቷን አጽድቀሃል» ማለታቸው ግን አይቀርም። የግራ እጅ ፊርማም ቢያስቅም ፊርማ ነው። አሻራ ከሆነ የራሱ ክርክር አለው። ለዚህ ነው ወረቀቱን ሳያይ «ታሸንፋለህ» የሚልህን ጠበቃ የማላምነው። እኔም አልልህም።

ስለዚህ ከእንግዲህ በስልክ አትከራከራቸው። ኮፒ አልሰጡህም ብዬ እገምታለሁ፤ ብዙዎቹ አይሰጡም። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፍ፤ የፈረምኩበት ሰነድ ቅጂ ይሰጠኝ፣ የዚያን ጠዋት የካሜራ ምስል እንዳይጠፋ ይቀመጥልኝ በል። የካሜራ ምስል በራሱ ላይ እየተቀዳ ይጠፋል፣ አትዘግይ። አንዱን ቅጂ «ደርሶናል» ብለው ማኅተም ይምቱልህ። እምቢ ካሉ ቸርችል ጎዳና ያለው ዋና ፖስታ ቤት ሄደህ በአደራ ደብዳቤ ላከው፣ ደረሰኙን ያዝ። ራጁን፣ የሐኪሙን ማስረጃ፣ የእያንዳንዱን መድኃኒት ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክቱን፣ ከመሥሪያ ቤትህ የሕመም ፈቃድ ደብዳቤውን በአንድ ፋይል ሰብስብ። እጅህ ድኖ ሲያበቃ ቋሚ ጉዳት ካለ በሐኪሞች ቦርድ ይወሰንልህ።

ደብዳቤው ሲደርሳቸው ምናልባት ሽማግሌ ልከው «አስር ሺህ እንጨምርና እንጨርስ» ይሉህ ይሆናል። መታረቅ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ወረቀቱን ለጠበቃ ሳታሳይ ግን አትፈርም። አጣዳፊ ሆኖብህ መቀበል ካለብህ በራስህ እጅ «እስከ ዛሬ ላወጣሁት የሕክምና ወጪ ብቻ፤ ሌላው መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለህ ጨምርበትና ፎቶ አንሳው። ይህን መስመር አንቀበልም ካሉህ ምን ሊያስፈርሙህ እንደፈለጉ ነግረውሃል።

ጊዜውንም ልብ በል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የስምምነቱን ውል ማስፈረስም በቁጥር 1810 የራሱ 2 ዓመት አለው። ሆቴል መያዝ ውል ነው፣ ስለዚህ 10 ዓመት አለህ የሚል ሰው ይገጥምህ ይሆናል፤ የሚያከራክር ነገር ነው፣ አንተ ግን ሁለት ዓመቱን ቁጠር። የወረቀቱ ቅጂ እጅህ በገባ ቀን ፋይሉን ይዘህ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጋር ሂድ። ባለቤትህም አብራህ ትሂድ፤ የዚያን ዕለት ማን ምን እንዳለና ማን እንደፈረመ ከአንተ ይልቅ እሷ ሳታስታውስ አትቀርም።